የጂኦግራፊ ክበብ፦ እንጦጦን በእግር የለካንበት ዓመት

የክበብ ዘገባ ብዙ ጊዜ "ክበቡ በዓመቱ የተለያዩ ተግባራትን አከናውኗል" ብሎ ይጀምርና እዛው ያልቃል። ዘንድሮ የምናወራው ስላለን ትንሽ ታገሱን። የጂኦግራፊ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የከረመው አንድ ሥራ ላይ ነው፤ የእንጦጦ የእግር ጉዞ መመሪያ ማዘጋጀት። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በእግሩ እንጦጦ መውጣት የሚፈልግ ሰው ኪሱ ከቶት የሚሄድ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነው።

ሐሳቡን ያመጣችው ተማሪ ናት። ኮንቱር፣ ማለትም ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ እያስተማርኩ ነበር። ተማሪ ኮንቱር አይወድም፤ እውነቱን ለመናገር መምህሩም ሁሌ አይወደውም። ባለ 1፡50,000 ካርታ ዘርግተን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፣ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ ይበረታል ምናምን እያልኩ ሳለ አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ይሄ በመስኮት የሚታየው ጋራ ነው አይደል? ታዲያ ለምን ሄደን አናየውም?" ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን ጥያቄው ልክ ነበር።

ሄዶ ማየት ግን እንደ አፍ አይቀልም። መጀመሪያ የፈቃድ ደብዳቤ፤ ከዛ የወላጆች ስብሰባ። አንዳንድ ወላጆች በተለይ ለሴት ልጆቻቸው ፈሩ፤ ሰው የሌለበት ጫካ ነው፣ ጅብ አለ፣ ሌባ አለ። ስጋታቸውን አላጣጣልንም። በየጉዞው ቢያንስ ሁለት መምህር እንዲኖር፣ ማንም ከቡድኑ እንዳይነጠል፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ሽሮ ሜዳ እንዲወርድ ተስማማን። አንድ አባት ግን በወረቀት አላመኑም። ራሳቸው አብረው መጡ፤ ከዛ በኋላም መቅረት አቃታቸው።

ልጆቹን "ተለማማጅ ተመራማሪ" አልናቸው። ስሙ ትንሽ ይከብዳል፤ እነሱ ግን ወደዱት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አዲስ የገባ ልጅ መጀመሪያ ላይ አብሮ ይሄዳል፣ ያያል፣ ውሃ ይሸከማል። ቀጥሎ ደብተር ይይዛል። ከዛ አንድ የመንገድ ክፍል የራሱ ይሆናል፤ ለዛ ክፍል እሱ ነው ተጠያቂው። ስንወጣ አንዱ በስልኩ መንገዱን ይመዘግባል፣ አንዷ ሰዓት ትይዛለች፣ ሁለቱ ዕፅዋት ያያሉ፣ ሌሎቹ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ያነጋግራሉ። አንድ ልጅ ደግሞ ሁሌ ከኋላ ነው፤ የእሱ ሥራ ከእሱ ኋላ ማንም እንዳይቀር ማየት ብቻ ነው። ይሄን ሥራ መጀመሪያ ማንም አልፈለገውም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ይጣሉበት ጀመር፤ ከኋላ የሚሄደው ነው ሁሉንም የሚያየው።

የዳገቱን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረንም። ፕሮትራክተር፣ ክር እና አንድ ብሎን በቂ ነው። ብሎኑን በክር አስሮ ከፕሮትራክተሩ መሃል ማንጠልጠል፣ በቀጥተኛው ጠርዝ ወደ ዳገቱ ማነጣጠር፣ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ማንበብ፣ ከ90 ያለውን ልዩነት መውሰድ፤ አለቀ። ከፍታው ላይ ግን ተቸገርን። ስልኮቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ጂፒኤስ የት እንዳለህ ሲነግርህ ደህና ነው፤ ምን ያህል ከፍ እንዳልክ ሲነግርህ ግን ስህተቱ ይበዛል፣ ዛፍ ሥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የስልኩን ቁጥር ከካርታው ኮንቱር ጋር እያስተያየን ነው የጻፍነው። ኮንቱር የማይወዱ የነበሩት ልጆች ኮንቱር ሲከራከሩ መስማት ለኔ የዓመቱ ደሞዝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፤ ጊዜ። መመሪያ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ሰዓት የያዘው የትምህርት ቤታችን ሯጭ ነበር። በእሱ ሰዓት እንጦጦ ማለት እዚህ ጋ ነው! ልጆቹ ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሕግ አገኙ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር። ቀላልና ቆንጆ ነው። ግን የስኮትላንድ ረጅሙ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ ሰፈር እንኳ ያንሳል። እኛ የምንነሳው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ የምንደርሰው ከ3,000 በላይ። እዛ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባህር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ናይስሚዝ ይሄን አላሰበም፣ ሊያስብም አይጠበቅበትም። በመጨረሻ ልጆቹ የወሰኑት ከሁሉም የተሻለ መሰለኝ። በመመሪያው የሚጻፈው ከቡድኑ መጨረሻ ላይ የደረሰው ሰው ሰዓት ነው። ማለዳ በአጠገባችን እንደ ንፋስ ሽው እያሉ የሚያልፉት አትሌቶች መመሪያ አያስፈልጋቸውም። ኃይሌ ገብረሥላሴም እዚሁ ጋራ ላይ ነው የተለማመደው፤ የእሱን ሰዓት ለእማማ መስጠት ግፍ ነው።

ታሪኩን ለመጻፍ ማንም ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም በዛ። ምኒልክ ወደ ፍልውሃ ከመውረዳቸው በፊት ቤተ መንግሥታቸው እዛ ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማው ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ግን እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው አሮጌው ቤተ መንግሥት ዛሬም ይታያል፤ ጭቃና ድንጋይ፣ በኖራ የተቀባ፤ ልጆቹ "ይሄ ነው ቤተ መንግሥቱ?" ብለው ደነገጡ። ችግሩ የመጣው የካ በኩል ያለው ዋሻ ሚካኤል ላይ ነው። ከአንድ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንዱ በአብርሃ ወአጽብሃ ዘመን ነው ይላል፣ የታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከዛ በጣም ዘግይቶ ነው ይላሉ። ልጆቹ ለሁለት ተከፈሉ። መመሪያው ውስጥ የገባው ሁለቱም ነው፤ ማን ምን እንደሚል ተለይቶ።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም አስማማ። የእንጦጦ ጫፍ የውሃ ድንበር ነው። በስተ ደቡብ የወደቀ ዝናብ በእነ ቀበና ወንዝ አድርጎ አቃቂ ይገባል፣ ከዛ አዋሽ፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በስተ ሰሜን የወደቀው የሙገርን ወንዝ ይዞ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን። ይሄን ክፍል ውስጥ አስተምሬዋለሁ። ጫፉ ላይ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ልጆቹ የመጠጥ ውሃቸውን ግማሹን ወደዚህ፣ ግማሹን ወደዚያ ደፉ፤ "ይሄ ግብፅ ይሄዳል፣ ይሄ አፋር" እያሉ። ስንመለስ ውሃ የጠማን ለዚህ ነው።

የዓመቱ ከባድ ሥራ ግን ሰው ማነጋገር ነበር። መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። በጀርባቸው ከ30 ኪሎ በላይ የባህር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው፣ በዛ ቁልቁለት፣ አንዳንዶቹ በፕላስቲክ ጫማ። ልጆቹ በሚያምር ጽሑፍ መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። "መንገዱን ለስንት ዓመት ተጠቅመዋል? ሀ፣ ለ፣ ሐ።" አንዷ እናት ቆም ብለው አዳመጡና "አንተ ልጅ፣ ይሄን ሸክሜን ያዝልኝና እነግርሃለሁ" አሉት። ልጁ ያዘ። ከመሬት አላነሳውም። እሳቸው ሳቁ፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ መጠይቁ ተጣጥፎ ኪስ ገባ፤ ከዛ በኋላ ነው እውነተኛው ወሬ የጀመረው።

የነገሩንን ካርታ ላይ አታገኙትም። የት ጋ ዝናብ ሲዘንብ አፈሩ ይከዳል። የባህር ዛፍ ቅርፊት ሲረጥብ እንዴት እንደሚያንሸራትት። የት ጋ ውሻ አለ። ወገብ ከፍታ ላይ ያለ ድንጋይ የት የት እንዳለ፤ ሳይጎነበሱ ሸክም የሚያሳርፉበት። እነዚህን ማረፊያዎች መመሪያው ውስጥ አስገብተናቸዋል፣ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰውም ትንፋሽ የሚያጥረው እዛው ጋ ነውና።

አንድ ቀን ግን አንዲት እናት፣ ልጆቹ ስልክ ይዘው መንገድ እንደሚመዘግቡ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ይሄን ካርታ ላይ ታደርጉትና ነገ ጥበቃው እዚህ ቆሞ ይጠብቀኛላ!" አሉ። ዋናው መንገድ ላይ ጥበቃ ሲያስቸግራቸው የሚያቋርጡባት ቀጭን መንገድ ነበረች። በጣም ቆንጆ መንገድ ናት፣ አጭርም ናት፤ ለመመሪያችን ወርቅ ነበረች። ክበቡ ውስጥ ሳምንታት የፈጀ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን "ደን መጠበቅ አለበት፣ ክበባችን ዛፍ ይተክል የለ?" አለ። ሌላው "ዛፉን የጨረሰው እሳቸው ናቸው? ነዳጅ የሚገዙበት ቢኖራቸው ይሄን ይሸከሙ ነበር?" አለ። አንዷ ልጅ ከዛ ሁሉ ጩኸት በኋላ "እሳቸው ለኛ የነገሩን እንደ እንግዳ ነው። እንግዳ የሰማውን ሁሉ አያወራም" አለች። ያቺ መንገድ መመሪያው ውስጥ የለችም። ከስልኮቹም ተሰርዛለች። እኔ ስለ ደን ያለኝ ሐሳብ ሌላ ቢሆንም ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፤ ሥራችን የጉዞ መመሪያ መጻፍ እንጂ ጥቆማ ማቅረብ አይደለም።

ሌላው ክርክር ስለ ዘረፋ ነው። ረቂቁን ካነበቡት አንዱ "እንዲህ ያለ ነገር የቦታውን ስም ያጠፋል፣ አውጡት" አሉ። ልጆቹ እምቢ አሉ። መመሪያው "ብቻችሁን አትውጡ፣ ስልክ እያወዛወዛችሁ አትሂዱ፣ ሳይመሽ ውረዱ" ይላል፤ በትልቅ ፊደል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ሰውም አለ። ከአጥሩ ውጪ ያለው ጋራ ግን ያው የድሮው ጋራ ነው። ይሄን ሳይናገር ደስ የሚል ፎቶ ብቻ የሚደረድር መመሪያ ካገኛችሁ አትመኑት።

ዕፅዋቱን በአጭሩ ልለፈው፤ የባዮሎጂ መምህሩ በሌላ ገጽ ይጽፉበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከባህር ዛፉ ውስጥ ወጥታችሁ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትገቡ ጥድና ወይራ ታገኛላችሁ፤ አፈሩ ይለሰልሳል፣ የወፉ ድምፅ ይጨምራል። ልጆቹ ይሄን ሳይነገራቸው ነው ደብተራቸው ላይ የጻፉት።

መመሪያው አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በጥቁርና ነጭ ነው የታተመው፤ ባለ ቀለሙን የትምህርት ቤቱ ፕሪንተር አልቻለም። ውስጡ የታክሲውን ነገርም አካተናል፤ ወር በገባ በ16 እና በ21፣ ኪዳነ ምሕረትና ማርያም ስለሆኑ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው። ልብስም እንዳትረሱ። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ መስቀል አደባባይ በቲሸርት የነበረ ልጅ እዛ ላይ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አይተናል።

የቀረን አለ። የክረምቱን መንገድ አላየንም፤ ከሰኔ በኋላ ጭጋጉም መብረቁም ስለሚበዛ ልጅ ይዘን አንወጣም ብለናል። ስለዚህ መመሪያው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ላለው ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሽፋኑም ላይ ተጽፏል። የካ በኩል ያለው ክፍልም ገና ግማሽ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን ይሄዳሉ፤ ሰዓት ያዥዋም፣ ከኋላ የሚሄደውም። ምዝገባ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ። የማያንሸራትት ጫማና ፊሽካ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፕሮትራክተር እኛ ጋ አለ።