ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ

ልጄ፣

እሑድ ስትደውይ «እማ፣ ያቺን አሮጌ መኪና ሽጫትና ጨምረን ሌላ እንግዛ» አልሽኝ። ያን ጊዜ ዝም አልኩሽ። ስለዚች መኪና በስልክ ማውራት አይሆንልኝም። ኮምቦልቻ ሥራ አግኝተሽ ማደሪያሽ ደሴ እኔ ጋ ሊሆን ስለሆነ፣ ነገሩን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። አልሸጣትም። ላንቺ ነው የምሰጣት።

አባትሽ፣ አላህ ይማረውና፣ መርቼዲሷን የገዛት በ1994 ነው። ያኔም አዲስ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ፣ 240ዲ የሚሏት ናት። በዘመኗ የኃላፊና የትልቅ ነጋዴ መኪና ነበረች፤ እዚያው አገሯ ጀርመን ደግሞ ታክሲ ሆና ስትሠራ ኖራለች። ጉልበቷ 72 ፈረስ ብቻ ነው። ስለዚህ እንድትሮጥልሽ አትጠብቂ። እኔም ስለ ዕድሜዋ አልጨነቅም። ሁልጊዜ የምጠይቀው ፍሬኗ ይይዛል ወይ የሚለውን ነው።

መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ግን በሚኒባስ ተቀምጦ ማወቅና መሪ ይዞ ማወቅ ይለያያል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ ጠዋት ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ፣ ማታ መልሰሽ ትወጪዋለሽ። ናፍጣ እንቆጥባለን ብለው ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማርሽ ሳያስገቡ፣ የሚለቁትን እንዳትከተዪ። በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዛት። ፍሬን ረገጥ አድርገሽ ልቀቂ እንጂ እግርሽን እላዩ ላይ አታሳድሪ።

የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይለወጥ። ንጹሕ ቢመስልም ይለወጥ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ምንም ሳይይዝ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ይህን ነገር የማጠብቅበትን ምክንያት ነግሬሽ አላውቅም። ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ። መኪናዋ ውስጥ ሰባት ሆነናል፣ ሦስቱ የጎረቤት ልጆች ናቸው። ፖርቶባጋሊው ፍራሽና እህል ነው። ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ዕቃውን ተሸክሞ መንገዱን ሞልቶታል። ቁልቁለቱን በየአሥር ሜትሩ እየቆምኩ ነበር የወረድኩት። ፊቴ ያለው ሁሉ ሰው ነው። እግሬ ፍሬኑ ላይ ሆኖ ሁለት ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አንቺንና መስከረም ላይ ያስለወጥኩትን የፍሬን ዘይት። አልሃምዱሊላህ፣ ማንንም ሳልነካ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ የደሞዝ ጊዜ አይቼ ፍሬን አስጠግኜ አላውቅም።

ሌላው፣ ቁልፉን አዙረሽ ሞተሩ አልጠፋ ቢልሽ አትደንግጪ። ማጥፊያው የሚሠራው በቫኪዩም፣ አየር በሚመጥ ፓምፕ፣ ነው፤ ቱቦው አንድ ቦታ ሲያስተነፍስ አይታዘዝም። ኮፈኑን ክፈቺ፣ ሞተሩ ላይ «ስቶፕ» የሚል አለ፣ እሱን ተጫኚ። ጠፋ ብለሽ ግን አትተዪው። ፍሬኑን የሚያግዘውም ያው የቫኪዩም ፓምፕ ስለሆነ በማግስቱ መካኒክ ይየው።

የሞተሩን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚመራውን ቴርሞስታት ማንም እንዳያወጣብሽ። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ «ለዚህ አገር አያስፈልግም» ብሎ አወጣው። አላወቅኩም፤ አመስግኜ ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ኮምቦልቻ ደርሼ ስመለስ ሽቅቡ ላይ አፈላች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስክትበርድ ስጠብቅ አመሸሁ። ቆይቶ አንድ አዋቂ መካኒክ አስረዳኝ። ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ከፍቶ፣ ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። እሱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳያገኝ ተመልሶ ይዞራል። ራዲያተሩ ሙሉ፣ ሞተሩ ግን የሚፈላው ለዚህ ነው።

ሽቅቡን ስትመለሺ ጥቁር ጭስ ካየሽ እግርሽን ቀለል አድርጊ። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ እሷ ደግሞ አየር ገፍቶ የሚያስገባላት ቱርቦ የላትም። የምትረግጪው ናፍጣ አየር አጥቶ ጭስ ሆኖ ይወጣል እንጂ ጉልበት አይሆንም። ከኋላሽ ያለው ኢሱዙ ክላክስ ቢያጮህብሽም አብሽሪ፣ ዳር ይዘሽ አሳልፊው።

ወጪ የላትም ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንድ ዕቃ እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው መላክ አለብሽ፣ ዋጋውም በየጊዜው ይጨምራል። ግን ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ እሷን ሸጠን በዚያ ብር የምናገኘው የማናውቀውን ሰው አሮጌ መኪና ነው። የዚችን ሕመም እናውቀዋለን። ቀለሟ መልቀቁን፣ የኋላ ወንበሯ መቀደዱን እርሺው። ብር ሲተርፍሽ ጎማ ግዢ።

መሳቢያው ውስጥ ሁለት ደብተር አለ። የመጀመሪያው የአባትሽ ጽሑፍ ነው፣ ሁለተኛው የኔ። ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተገዛው ዕቃ ሁሉ አለበት። የኔ ሊያልቅ አራት ገጽ ቀርቶታል። ስትመጪ አንድ ደብተር ይዘሽ ነይ።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ኤርፖርት እቀበልሻለሁ። ሽቅቡን እኔ እነዳለሁ። እሑድ ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ቁልቁለቱን አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ። ኢንሻአላህ።

እናትሽ