ንግግር ለምታረቅቀው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። የባለሥልጣን ንግግር የማርቀቅ ሥራ መጀመርሽን ከሰማሁ ወዲህ ይህን ልጽፍልሽ እያሰብኩ ነበር። ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ስለ ታሪክ የምትገባውን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። የበጀት ቁጥር ቢሳሳት በማግስቱ ይታረማል። «እነዚህ ሰዎች ከዚያ የመጡ ናቸው» የምትል ዐረፍተ ነገር ግን አንዴ ከመድረክ ከወረደች ማንም አይመልሳትም።

የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት ነገር በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ፤ የእኛም አገር ስም አለበትና። ኅዳር 13 ቀን 1985 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ካባያ በምትባል ቦታ፣ ሌዮን ሙጌሴራ የተባለ የገዢው ፓርቲ ሰው ለደጋፊዎች ንግግር አደረገ። በንግግሩ መካከል ከሩዋንዳ ሕዝብ አንዱ ወገን ስለሆኑት ስለ ቱትሲዎች ሲያወራ አገራቸው ኢትዮጵያ እንደሆነ፣ ቶሎም እንዲደርሱ በኒያባሮንጎ ወንዝ እንደሚላኩ ተናገረ። ሙጌሴራ ያልተማረ ሰው አልነበረም። ካናዳ በላቫል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልሳን ያጠና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ታሪክን አለማወቅ ካለመማር ጋር አንድ እንዳልሆነ ከዚህ ያዢ።

ዐረፍተ ነገሯ ከየት መጣች? እ.ኤ.አ. በ1863 ጆን ሃኒንግ ስፔክ የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ። በሐይቆቹ አካባቢ ያያቸውን ከብት አርቢ ገዢዎች መልክ አይቶ፣ እነዚህ ከኢትዮጵያ ወገን የፈለሱ ናቸው ብሎ ገመተ። ሰነድ አልነበረውም፣ የቋንቋ ማስረጃም አላቀረበም። ሩዋንዳንም አልረገጣትም። የእርሱን ግምት ሚስዮናውያኑ ወስደው ለቱትሲዎች አዋሉት፣ ከእነርሱ የቅኝ ገዢው ሹማምንት፣ ከሹማምንቱ ደግሞ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ወሰዱት። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቅኝ ገዢዎቹ ቤልጂጎች ሁቱ፣ ቱትሲና ትዋ የሚለውን የወገን መለያ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሦስቱም አንድ ኪንያርዋንዳ ይናገሩ ነበር፤ ይህን ማንም ሰው ገበያ ወጥቶ ቢያዳምጥ ይረዳው ነበር።

ወንዙንም በካርታ ላይ በጣትሽ ተከተዪው። ኒያባሮንጎ አካጌራን ይቀላቀላል፤ አካጌራ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣው ነጭ ዓባይ በዩጋንዳ፣ በደቡብ ሱዳንና በሱዳን አልፎ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከኒያባሮንጎ የተነሳ ውኃ የኢትዮጵያን መሬት አይነካም። ታሪኩ ሐሰት፣ ጂኦግራፊውም ሐሰት ነበር፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ግን የገባው ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ የአገሩ ሰዎች አይደሉም፣ የሚሄዱትም በድናቸው ነው የሚል። የዘር ማጥፋቱ ከመጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በ100 ቀን ገደማ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ሬሳ በእርግጥም በዚያ ወንዝ ወረደ። ዩጋንዳ ውስጥ በሐይቁ ዳር፣ በካሰንሴሮ፣ በላምቡና በጎሎ፣ ውኃው ያመጣቸው ሰዎች ተቀብረዋል።

ሙጌሴራ ወደ ካናዳ ሸሸ፤ እዚያም ክርክሩ ዓመታት የፈጀው በቃላቱ ላይ ነበር። ንግግሩ በካሴት ተቀድቶ ስለነበር ተገልብጦ ተጻፈ፣ ተተረጎመ፣ ትርጉሙ እንደገና ተመረመረ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ከአገር መባረሩን አጸና፤ በ2012 ለሩዋንዳ ተላልፎ ተሰጠ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አንቺም ስትጽፊ፣ የጻፍሽው ቃል በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ከ20 ዓመት በኋላ እንደሚነበብ አስበሽ ጻፊ።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። የታሪክ ዐረፍተ ነገር ሲመጣልሽ መጀመሪያ ቆራርጪው፤ ማን? መቼ? የት? ምን አደረገ? አንድ ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አራት አባባል ይዟል፤ ሦስቱ እውነት ሆነው አራተኛው ሐሰት ሲሆን ነው የሚያታልልሽ። እያንዳንዱን በእርሳስ አስምሪበትና ለየብቻው ምንጭ ፈልጊለት። ምንጭ ስልሽ ብዛት አይደለም። አሥር መጻሕፍት ከአንድ ሰው ከቀዱ ያለሽ አንድ ምስክር ነው፤ የስፔክ ግምት መቶ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። የግርጌ ማስታወሻውን ተከትለሽ እስከ መጀመሪያው ሰው ሂጂ፣ ከዚያም ሰውዬው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ ብለሽ ጠይቂ።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትለውጪ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ትደምሪያለሽ። ቀኑ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ያ ዕለት በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲዘልሉ የእኛ አቆጣጠር ስላልዘለለ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በዛሬው የስልክ መቀየሪያ ተነሥቶ የድሮ ቀን ያበላሻል።

የዐረፍተ ነገሩን ባለቤትም አስተካክዪ። «እነርሱ ወረሩን» የሚል ካየሽ፣ «እነርሱ» የሚለውን አውጥተሽ የዘመተውን ንጉሥ ወይም መንግሥት በስሙ ጻፊ። ስሙን ማግኘት ካቃተሽ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዢው። የንጉሥን ሥራ በዛሬ ሕዝብ ላይ የሚጭነው ይህች አንዲት ተውላጠ ስም ናት። «መጤ»፣ «ሰፋሪ»፣ ደግሞም ሰውን ከአውሬ ወይም ከበሽታ ጋር የሚያመሳስል ቃል በምንም ምክንያት አታስገቢ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ እኔ ግን ሕጉ ባይኖርም ይህን እንድትጠብቂ ነው የምፈልገው።

ረቂቁ ካለቀ በኋላ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛና ወደ ሶማልኛ የሚተረጉም ሰው ፈልጊ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ትርጉሙን ወደ አማርኛ ይመልሰው። ልዩነት የመጣበት ቃል መቀየር አለበት። የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱን፣ ያም ወደ ጦርነት ማምራቱን አትርሺ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚበላሽበት ቦታ አለ፤ ተናጋሪው ከጽሑፉ ሲወጣ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጭብጨባ ሲበዛ ነው፤ ሞቅ ሲለው ተረት ይጨምራል፣ ታሪክም ከትዝታው ይጠቅሳል። ስለዚህ የታሪኩን ክፍል አጭር አድርጊው፣ ከማጨብጨቢያው ቦታም አርቂው። ከንግግሩ በፊት አሥር ደቂቃ ለምነሽ «ይህችን እንደተጻፈች ያንብቡልኝ» በዪ፤ ምክንያቱንም ግለጪላቸው።

ስሕተት ከወጣ ደግሞ እርማቱ በዚያው ቀን ይውጣ፤ በተነገረበት ቋንቋ፣ በተሰራጨበት ጣቢያ፣ ከተናጋሪው አፍ። የጽሕፈት ቤት መግለጫ አይተካውም። «ከአውድ ውጭ ተወስዶብኝ ነው» የሚል ቃል አትጻፊ፤ የተጎዳውን ሰው ዳግም ይወቅሳል። ሐሰተኛውን ዐረፍተ ነገር በሙሉ ደግመሽ አትጥቀሺ፤ ትክክለኛውን ከነምንጩ አስቀድሚ፣ ከዚያም «ተሳስቻለሁ» የሚለው ይከተል።

የመጀመሪያ ረቂቅሽን ላኪልኝ። ጠርዙ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ተዪልኝ፤ በእርሳስ እጽፍበታለሁ።

አባትሽ