በዋሽንግተን ለሎቢ (ሕግ አውጪዎችን የማግባባት) ሙያ ለሚዘጋጁ ልጆቻችን የቀረበ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣

በኮንግረስ ጽሕፈት ቤቶች የሥራ ልምምድ ለሚጀምሩ ልጆቻችን ከጁን እስከ ኦገስት ድጎማ የምንከፍልበት የጋራ ፈንድ፣ ከፍተኛውን ድርሻ ለመሸፈን ቃል የገቡ ለጋሽ በመጨረሻው ሰዓት በመቅረታቸው ጎድሏል። ልመናችን እንደበዛባችሁ እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል፤ ሆኖም የተመረጡት ልጆች የመቀበያ ደብዳቤያቸውን ይዘው እየጠበቁን ነው።

የ1995ቱ የአሜሪካ የሎቢ ሕግ የሎቢ ድርጅቶች ለማን እንደሚሠሩና ምን ያህል እንደሚከፈላቸው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ የሎቢስቶቹን ዘርና ጾታ ግን አይጠይቅም። በመሆኑም በሎቢ ድርጅቶች መናኸሪያነቱ በሚታወቀው የዋሽንግተን ጎዳና በኬ ስትሪት ስንት ጥቁር ሴቶች እንደሚሠሩ ከመንግሥት መዝገብ ማወቅ አይቻልም። የሙያው በር የት እንዳለ ግን ግልጽ ነው። ብዙ ሎቢስቶች ከኮንግረስ ሠራተኝነት የመጡ ሲሆኑ፣ ወደዚያ የሚያስገባው ልምምድ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው ያለ ክፍያ ስለነበር፣ ወላጆቹ በዋሽንግተን የቤት ኪራይ ሊከፍሉለት የሚችሉ ወጣት ሁልጊዜ ይቀድም ነበር። ኮንግረስ ከ2019 የበጀት ዓመት ጀምሮ ለተለማማጆች ገንዘብ መድቧል፤ ይሁንና በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የደረሰው 20,000 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ለሁሉም አይዳረስም።

ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገቡበት የንግድ ዕድል፣ ስትሰረዝ ፊርማ አሰባስበን በየጽሕፈት ቤቱ ስንዞር፣ ጉዳያችንን ከውስጥ የሚያውቅልን ሰው ማጣታችንን ታስታውሳላችሁ። ፈንዱ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከደገፍናቸው ተለማማጆች መካከል ዛሬ በቋሚነት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴት ልጆች አሉን።

ከፈንዱ ለተለማማጆቹ ሙሉ ልብስ መግዣ የወጣው ገንዘብ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። ኮሚቴው ወጪው ተገቢ እንደነበር ዛሬም ያምናል፤ በተውሶ ልብስ ሴናተር ፊት የምትቀርብ ልጅ ከሥራዋ ይልቅ ስለ ልብሷ ታስባለችና። ለቢሮ ኪራይም ሆነ ለኮሚቴው አበል የወጣ ገንዘብ የለም፤ ደረሰኞቹ በሙሉ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይታያሉ። ለሴቶች ቅድሚያ መስጠታችንም በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ እንጂ በጥቂቶች ፈቃድ አይደለም።

ዕድራችን አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ምሽት ገንዘብ ያሟላል። ክርስቲያኑ ከዐሥራቱ፣ ሙስሊሙ ከሶደቃው ለእነዚህ ልጆች ጥቂት ቢያካፍል በፈጣሪም ዘንድ የሚቆጠር ሥራ ነው።

ክፍያው በዜል (በባንክ የስልክ መላኪያ) ወይም በቼክ፣ በፈንዱ ስም ብቻ ይፈጸም፤ የሒሳብ ቁጥሩ በአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ይገኛል። በማስታወሻው ላይ «ለልምምድ» ብላችሁ ጻፉ። በድጋሚ እናሳስባለን፦ በግለሰብ ስም አትላኩ፣ «ለልምምድ» የሚለውን አትርሱ፣ ደረሰኛችሁንም ከገንዘብ ያዡ ተቀበሉ። የመጨረሻው ቀን ሜይ 15 ነው።

የፈንዱ አስተባባሪ ኮሚቴ