ካሴትሽ እኔ ጋ ነው

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ድምፄን ካጠፋሁ ሁለት ዓመት አለፈ አይደል? ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። እማዬ ካረፈች በኋላ እየደወልሽ "እንዴት ነሽ" ስትዪኝ የምመልሰው አጣሁ። አንድ ቀን ሳላነሳ ቀረሁ፣ ከዚያ ማንሳቱ ራሱ እያሳፈረኝ መጣ። ይቅር በዪኝ።

ካዛንቺስ እንደፈረሰ መቼም ሰምተሻል። እኔም በ2017 ተነስቼ አሁን ገላን ጉራ ነኝ። ያን ጊዜ ምንም አልጣልኩም። ቡታጋዙን፣ የስምንተኛ ክፍል ደብተሮቻችንን፣ ቁልፉ የጠፋውን ሻንጣ፣ የእማዬን ልብስ በሙሉ በአይሱዙ ጭኜ አመጣሁት። ማዳበሪያዎቹ እንደታሰሩ ከረሙ፣ እኔም በጎናቸው እየሾለክሁ ነበር ወደ አልጋዬ የምሄደው።

ባለፈው ወር ብርድ ሲሆን ጋቢ ፍለጋ አንዱን ፈታሁት። የእማዬን ነጠላ ብል በልቶታል። ጥለቱ ደህና ነው፣ መሃሉ ግን ሲነኩት ብትን ይላል። ለአርባዋ ለነዳያን ይሰጥ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ነጠላ ነው። እሷ ብትኖር በርዶት ያየችውን ሰው ታለብሰው ነበር። እኔ ለብል አስቀመጥኩት። አንጀቴ እርር አለ።

በማግስቱ ቡታጋዙን ለቆራሌው ሰጠሁት። ደብተሮቹን የሱቁ ልጅ በርበሬ ሊጠቀልልባቸው ወሰደ። ልዋጭ የሚለው ልጅ ቀሚሶቿን አይቶ በሁለት ሳፋ ልለውጥሽ አለኝ፣ እሱን ግን አልቻልኩም። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚቀመጡ እናቶች ወሰድኩላቸው። አንዷ እዚያው ደርባ ለበሰችው። ልክ ሆናት።

ከዚያ ሻንጣውን ሰበርኩት። ከሥሩ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? በ1992 ቤሩት እንደገባሽ በሰው የላክሽልን ባለ 60 ደቂቃ ካሴት! ጽሑፍሽ ደብዝዟል ግን ይነበባል። ክሩ ተላቆ ነበር፣ እንደ ድሮአችን በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩትና ወደ ፍላሽ የሚያዛውር ልጅ ፈልጌ አስቀዳሁት።

በአንደኛው ፊት አንቺ ነሽ። "ደህና ነኝ" ትዪና ዝም ትያለሽ፣ እንደገና "ደህና ነኝ" ትያለሽ። ሌላኛው ፊት ባዶ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ናት! ለካ መልስ ቀድታልሽ ነበር፣ ሳይላክ የቀረ። "ልጄ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ምግብ አትተዪ" ትልሻለች። ከኋላዋ ሲኒ ይንኳኳል፣ ምናልባት የማጥበው እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ሰማሁት።

ቅጂውን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ከሥራ ስትወጪ ረጋ ብለሽ ክፈቺው። ካሴቱን ግን ላንቺ የተቀዳ ስለሆነ ልጥለውም የእኔ ነው ልለውም አልቻልኩም። ወዳንቺ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝና ልላክልሽ።

ደግሞ ደውዪ። አነሳለሁ።