ቴስተርህ እኔ ዘንድ ናት

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ከአልጋ ተነስታ በረንዳ ላይ ፀሐይ መሞቅ ጀምራለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ መጥፋቴን በሌላ ወሬ ልሸፍነው አልፈልግም። አባትህ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ያን ሳምንት መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ እሱን አንተም ታውቃለህ። ግን መንገዱ ተከፈተ። ለአርባቸውም አልመጣሁም። ከዚያ በኋላ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩም ዓመቱም ሄደ። እንደ ልጃቸው ያዩኝን ሰው አፈር ሳላለብስ መቅረቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይቅር በለኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳችኝ ቴስተርህ ናት። ያቺ ቢጫዋ የኤሌክትሪክ መለኪያ። አዲስ አበባ ስትገባ "አንተ ዘንድ ትቀመጥ" ብለህ የተውካት። ሰሞኑን ከሳጥን አውጥቼ ስሠራባት ሰነበትኩ። ምን ሠራህባት ትለኝ እንደሆነ፣ መኪናዬ ላይ ክሩዝ ኮንትሮል ገጠምኩ፤ ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጥ ፍጥነቱን አንድ ላይ የሚይዝልህን። በራሴ እጅ።

ነገሩ የመጣው ከባሕር ዳር መንገድ ነው። እማዬን በየወሩ ለክትትል እወስዳታለሁ። መሄጃው ብቻ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡሬ ስንደርስ ቀኝ ጉልበቴ እንደ እንጨት ይደርቃል። እሱስ ይቻላል። እማዬ ግን መኪናው ፈጠን ዘግየት ሲል ያቅለሸልሻታል። አንድ ቀን ደምበጫን አልፈን ወደ ጅጋ ስንወርድ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ልጄ፣ አንድ ዓይነት ሂድልኝ" አለችኝ። የምችለውን አደረግሁ። እግር ግን ይደክማል። ሲደክም ይከብዳል፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ደንግጦ ያነሳዋል።

መኪናዋ ያቺው ያሪስ ናት፤ በፈረንጆች የ2008 ሥሪት፣ አውቶማቲክ። በድሮዎቹ መኪኖች ነዳጅ መስጫውን ስትረግጥ የሚሳብ ገመድ አለ። ክሩዝ ልግጠም ካልክ ገመዱን የሚስብልህ ሌላ ዕቃ መጨመር ግድ ነው። የእኔዋ ገመድ የላትም። ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ በኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ይነገረዋል፤ የሞተሩን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ኮምፒውተሩ የሚያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ስለዚህ ፍጥነት የመያዙ ችሎታ አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ማዘዣው ነው። ከመሪው በስተቀኝ ዝቅ ብላ የምትገባ፣ ከመሪው ጋር አብራ የምትዞር አንዲት አጭር ዘንግ። ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የራሱን መኪና ማጣራት አለበት።

ዘንጓን ብታያት ደስ ይልሃል። ውስጧ የኤሌክትሪኩን ጉዞ የሚገታ ሬዚስተር እንጂ ሌላ ጉድ የለም። ሁለት ሽቦ ብቻ ይወጣታል። ጫፏ ላይ ያለውን ማብሪያ ስትጫን ቴስተሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ወደ ላይ ስታነሳት 240 ኦም አካባቢ ታነብባለህ። ወደ ታች 630። ወደ ራስህ ስትስባት፣ ማለትም "ልቀቅ" ስትላት፣ 1,540። ኮምፒውተሩ በአንዲት ሽቦ ላይ ቁጥሩን እያየ የፈለግኸውን ያውቃል። ስንት ትእዛዝ በአንዲት ሽቦ! ይህን ሳይ አጠገቤ ብትኖር ብዬ ተመኘሁ።

የመጀመሪያዋን ዘንግ ከሶማሌ ተራ በአገር ሰው አስመጣሁ። ያገለገለች ናት። ሳልገጥማት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለካኋት። ማብሪያዋ ደህና። ወደ ላይ ደህና። ወደ ታች ደህና። ወደ ራሴ ስስባት ቴስተሯ ጸጥ አለች። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። አንድ የማውቀው መካኒክ "ምን ቸገረህ፣ ፍሬን ስትረግጥ ያው ይለቅ የለ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፍሬን ይለቀዋል። ነገር ግን ከኋላ እናቴ ተቀምጣ "ልቀቅ" ስለው የማይሰማኝ ዕቃ መሪዬ ላይ አልገጥምም። ራዲዮ ስንፈታታ "ሳትለካ አትመን" ትለኝ የነበረው ትዝ አለኝ። መለስኳት። ሁለተኛዋ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። እሷ አራቱንም በትክክል አነበበች።

ከባዱ መሪውን መክፈቱ ነው። ኤርባጉ እዚያ አለና በጨዋታ አይነካም። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቅ ይላል መመሪያው። እኔ ቡና ጠጥቼ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩ። በመሪው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ኮከብ ራስ ብሎኖች ፈትቼ ኤርባጉን በቀስታ አወጣሁ። ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ልጆቹ የማይደርሱበት ቦታ አስቀመጥኩት።

ከሥሩ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ አለ። መሪው እየዞረም ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው እሱ ነው። መሪው ወጥቶ ሳለ እሱን ካዞርከው፣ መልሰህ ስትገጥም ይበጠሳል። እኔ እንዳይዞርብኝ በናስትሮ አሰርኩት። የዘንጓ ሶኬት እዚያው ባዶውን ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ከመሪው ሥር እስከ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ ነው። የመኪናዋን የኤሌክትሪክ ንድፍ ፊቴ ዘርግቼ፣ የኮምፒውተሩን ሶኬት ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ ሳብኩት። ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ጀርባዬ ተቃጠለ።

ከሁሉ በላይ የተጨነቅሁት ግን ለፍሬኑ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችው ማብሪያ አራት ሽቦ አላት። ሁለቱ ፍሬን ስትረግጥ ይገናኛሉ፤ የኋላ መብራት ያበራሉ። ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ ስትረግጥ ይቋረጣሉ። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ያያል። አንዱ ቢዋሽ ሌላው እውነቱን ይነግረዋል ማለት ነው። ሁለቱንም በቴስተርህ ለካሁ። ልጄ ፔዳሉን ስትረግጥ፣ ስትለቅ፣ ስትረግጥ፣ ስትለቅ፣ እኔ ቁጥሩን ሳይ አመሸን።

በማግስቱ ባትሪውን አሰርኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ የዘንጓን ማብሪያ ተጫንኩ። ዳሽቦርዱ ላይ የክሩዝ ምልክት በራች። ብቻዬን እልል አልኩ።

የት ሄጄ እንደሞከርኳት ታውቃለህ? ቢቸና። እናትህ ዘንድ።

በጠዋት ከማርቆስ ወጣሁ። ጤፉ ሊታጨድ ደርሶ ሜዳው ወርቅ መስሏል። ወደ ሉማሜ ሲቃረብ መንገዱ ቀጥ ይላል። ክሩዙ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በታች አይቀበልም። 70 ላይ ስደርስ ዘንጓን ወደ ታች ነካ አድርጌ እግሬን አነሳሁ። ዳሽቦርዱ መሃል ያለችው ቀስት 70 ላይ ቆመች። ትንሽ ዳገት መጣ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ቀስቷ አልተነቃነቀችም። ፍሬኑን በጣም በቀስታ ነካሁ። ወዲያው ለቀቀ። ዘንጓን ወደ ላይ አነሳሁ። ራሷ ወደ 70 ተመለሰች። እግሬን ዘርግቼ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። ስንት ዘመኑ!

ይህን ነገር የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰለህ? ራልፍ ቲተር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። በአምስት ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ሰው። ጠበቃው በመኪና ሲወስደው፣ ሲያወራ ይዘገያል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል ይባላል። እሱ ከጎን ተቀምጦ ይንገላታል። የፈጠራ መብቱን በ1950 አገኘ፤ ክራይስለር በ1958 መኪና ላይ አወጣው። እነዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የእማዬን "አንድ ዓይነት ሂድልኝ" እሱም ከጎን ተቀምጦ ብሎት ኖሯል። የኔታንም አስታወሰኝ። ዓይናቸው ሳያይ ከተማሪው ድምፅ ብቻ ስህተቱን ይይዙት የነበሩትን።

ታዲያ ሁልጊዜ አልጠቀምበትም። ከደጀን ወደ ቢቸና ስታጠፍ ወዲያው አጠፋሁት። የገበያ ቀን ነበር። አህያው፣ በጉ፣ ሸክም የያዘው ሰው፣ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ በሚርመሰመስበት ከተማም አልነካውም። እንጅባራ ላይ ጉም ሲወርድና አስፋልቱ ሲረጥብም እንዲሁ። የአባይ በረሃን ቁልቁለት ደግሞ በጭራሽ። የእኔዋ ክሩዝ ነዳጅ ይቀንሳል እንጂ ፍሬን አይዝም። ቁልቁል ከሆነ ፍጥነቱ ከያዘው ያልፋል። እዚያ ማርሽ ዝቅ አድርጎ በእግር መንዳት ነው።

እናትህ በር ላይ ሲያዩኝ ስሜን ጠሩ። አቅፈውኝ ብዙ አለቀሱ፤ እኔም ልቤ እስኪወጣ አለቀስኩ። ከዚያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መቃብሩ ዘንድ ወሰዱኝ። ጥዱ ሥር ናቸው። ያልኳቸውን ስንገናኝ እነግርሃለሁ። ስመለስ እናትህ ምሳ ሳልበላ አልለቅህም አሉ። ደህና ናቸው። ዓይናቸው ትንሽ ደከም ብሏል፤ አንድ ቀን ማርቆስ አምጥቼ አሳያቸዋለሁ። እሱን ለእኔ ተወው።

እማዬ ባለፈው ሳምንት በአዲሱ ክሩዝ ባሕር ዳር ደርሳ ተመለሰች። ከዳንግላ ወዲያ ሜዳው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። መራዊን ስናልፍም አልነቃችም።

ከገና በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ አንተ እመጣለሁ። እናትህ የላኩልህ አንድ ቅል ቅቤ አለ። ቴስተርህንም ይዣት እመጣለሁ፤ ባትሪዋን ቀይሬላታለሁ። በረሃውን ወጥቼ ጎሃ ጽዮን ላይ ስደርስ እደውላለሁ። ስልኩን አንሳልኝ።

ወንድምህ