ስለ እግርህና ስለ ኮንግረሱ

ሕዳር 17 ቀን 2011 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ትከሻዬን አልፎኛል። ጫማው ካንተ ጋር እኩል ሳይሆን አይቀርም። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እዚህ አገር ጥርስ ትራስ ሥር ይቀመጣል፤ ሌሊት መጥታ ጥርሱን ወስዳ ገንዘብ የምትተው አንዲት ነገር አለች ይሏቸዋል። እኔም አንድ ዶላር አስቀመጥኩና ጥርሱን ደበቅኩት። እኛ ቤት ጣሪያ ላይ እንደሚወረወር ስነግራት "ታዲያ ለአያቴ እንላክለትና ይወርውርልኛ" አለች። በሶፍት የተጠቀለለው እሱ ነው። አንተ ግን መሰላል ላይ እንዳትወጣ። ማሙሽ ይወርውረው።

በየሳምንቱ እየደወለች ለምን ጻፈች ትል ይሆናል። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ተገኘና የስኳር መለኪያህን ወረቀቶች ስልክልህ ደብዳቤም ልጨምር አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን በስልክ ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ። ቅዳሜ ዕለት "እግርህ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅኩህ። "ዴሞክራቶቹ ታችኛውን ምክር ቤት ወሰዱት አይደል? እንግዲህ አገራችሁ ልትሻሻል ነው" አልከኝ። ደግሜ ጠየቅኩህ። "ሴኔቱስ?" አልከኝ።

እሺ። ስለ ምክር ቤቱ እኔ እነግርሃለሁ፤ ስለ እግርህ ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ። ዕዳ ነው።

ምርጫው ጥቅምት 27 ቀን ነበር። እኔም ከሥራ ወጥቼ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ አንድ ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ተሰልፌ መረጥኩ። ዴሞክራቶቹ ወደ 40 የሚጠጋ ወንበር ነጥቀው ታችኛውን ምክር ቤት ያዙ። ሴኔቱ ግን ከሪፐብሊካኖቹ እጅ አልወጣም፤ እንዲያውም ጨምረውበታል። ፕሬዚዳንቱም ያው ናቸው። ስለዚህ ታች ያለፈ ሕግ ሴኔት ሲደርስ ይቆማል። ሚኒስትር ጠርቶ ማፋጠጥ፣ ሰነድ አምጡ ማለት፣ በጀት ላይ መከራከር ይችላሉ። ቀላል ነገር አይደለም። አገር ልትሻሻል ነው ለማለት ግን እኔ አልደፍርም።

ይሄን ላንተ ማስረዳቴ ራሱ ያስቃል። ኤች አር 2003ን፣ ያን ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲ የቀረበውን የኮንግረስ ረቂቅ ሕግ፣ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ያኔ ቤይሩት ነበርኩ። በወር አንድ እሁድ ማዳም ስትለቀኝ ካርድ ገዝቼ እደውላለሁ። ካርዱ ቶሎ ያልቃል። አንተ ግማሹን ስለ ኮንግረስ ታወራበታለህ። በሪፐብሊካኖቹ ጊዜ የእነሱው ሰው ክሪስ ስሚዝ ያቀረበው ረቂቅ ለድምፅ ሳይበቃ ቀርቶ ነበር። "አሁን ግን ዴሞክራቶቹ ስለያዙት ያልፋል" አልከኝ። አለፈም። የዴሞክራቱ የዶናልድ ፔይን ረቂቅ መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም. ታችኛውን ምክር ቤት ሲያልፍ "የሚሊኒየም ስጦታ" ብለህ ጮህክ። ከዚያ ሴኔት ገባ። በዚያው ቀረ። አምና ሚያዝያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው ኤች አር 128 ሲያልፍስ ምክር ቤቱን የያዙት እነማን ነበሩ? ሪፐብሊካኖቹ። ያቀረበውም ያው ክሪስ ስሚዝ ነው። እሱም ቢሆን የአቋም መግለጫ ነው እንጂ ማንንም የሚያስገድድ ሕግ አይደለም።

ያን ጊዜ በካርዱ ላይ ሌላ ነገር እንድትጠይቀኝ እፈልግ ነበር። ይለፍ።

እኔ የማውቀው ምክር ቤት ዋሽንግተን ያለው ሳይሆን የቨርጂኒያው ነው። ሪችመንድ የሚቀመጠው። ያኛው ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። እስከ አምና ድረስ ከ100ው ወንበር 66ቱ የሪፐብሊካኖቹ ነበር። አምና በተደረገው ምርጫ 15 ወንበር አጡ። በመጨረሻ ሁሉ ነገር በአንድ ወንበር ላይ ተንጠለጠለ። ኒውፖርት ኒውስ የሚባል ከተማ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አንድም ሳይበላለጡ። ምን ተደረገ መሰለህ? ዕጣ ተጣለ!

እየቀለድኩ አይደለም። በቴሌቪዥን በቀጥታ አየሁት። የሁለቱን ስም በወረቀት ጽፈው በድሮ ካሜራ የፊልም ብልቃጥ ውስጥ ከተቱ። ብልቃጦቹን በአንድ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስገቡ። ሰውየው እጁን ሰደደና አንዱን አወጣ። የሪፐብሊካኑ ስም። 51 ለ 49። እንዲህ ያለ አገር፣ እንዲህ ያለ ሕንፃ፣ ያ ሁሉ ከረባት፣ መጨረሻው እንደ ሰፈራችን ዕቁብ ሆነ። የእማዬ ሰማያዊ ሳፋ ትዝ አለችኝ። ዕጣው እኛ ቤት ሲወጣ ማሙሽን ዓይኑን በነጠላ ሸፍና "አንድ ብቻ" ትለው ነበር። እሱ ሁለት ያወጣል።

ከዕጣው በኋላ እዚህ ያለን ሰዎች አለቀልን አልን። ነገሩ ሜዲኬይድ የሚሉት፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚከፍለው የጤና ዋስትና ነው። ገዢው ለአራት ዓመት ይስፋ ሲሉ ምክር ቤቱ እምቢ ብሎ ነበር። አሁንም አብላጫው የእምቢ ባዮቹ ነው። ግን ግንቦት 22 ቀን በ67 ድምፅ አለፈ። 49 ዴሞክራት ብቻውን 67 አይሞላም፣ አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ። የቀሩት እጆች ትናንት እምቢ ሲሉ የነበሩት ናቸው። "የሚችል ሁሉ ይሥራ" የሚል ግዴታ አስገብተውበት፣ ፊታቸውን አጨፍግገው፣ ግን እጃቸውን አወጡ። አጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩ 15 ሰዎች ከነሻንጣቸው ሲወጡ አይተዋላ።

ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ወደ 400,000 ሰው ይገባበታል ይላሉ። አንዷ እኔ ነኝ። ለሦስት ሰው ቤት በዓመት ከ28,600 ዶላር ገደማ በታች ማግኘት አለብህ። እኔ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብዬ ተገኘሁ። ደሃ መሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ልጆቹ ድሮም ነበራቸው። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ለሐኪም ላሳየው ያልኩት ነገር ነበረኝ። ትልቅ ነገር አይደለም። ካርዱ እስኪመጣ ብዬ አቆይቼው ነው። አየህ፣ እኔም እንዳንተ ምክር ቤት እጠብቃለሁ።

ለእታለም እንዳትነግራት። ትደውልና ታስለቅሰኛለች።

አሁን ወደዚያኛው ወሬህ ልምጣ። ባለፈው ሐሙስ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙ አልቅሰሃል አሉ። እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ግን የሾማቸው ምክር ቤት የትኛው ነው? 547ቱም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዘው ያው ምክር ቤት አይደለም እንዴ? አምና የካቲት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ያጸደቀው። መጀመሪያ 346 ድምፅ ተብሎ፣ ቆይቶ 395 ነው የተባለው። 88 ሰው ተቃወመ ሲባል ሬዲዮኑን ወደ ጆሮህ አስጠግተህ "ሰማንያ ስምንት! ሰማንያ ስምንት!" ስትል በስልክ ሰምቼሃለሁ። ያው ምክር ቤት ግንቦት 28 ቀን አዋጁን አነሳ። ሰኔ ላይ ሽብርተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ከሽብርተኝነት ዝርዝሩ ሰረዘ። አንድ ወንበር እንኳን ሳይለወጥ። አብላጫ ይለወጥ ብለህ ስትጸልይ ኖረህ፣ መጣ ያልከው ለውጥ የመጣው አብላጫው መቶ በመቶ በሆነ ጊዜ ነው።

ይሄ ደስ አይለኝም ብዬ አይደለም። ግን ያው እጅ ሁለት ጊዜ ከወጣ ሦስተኛም ሊወጣ ይችላል። የትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ እኔ አላውቅም። አንተ የምታውቅ ትመስላለህ። የንጉሡን ፓርላማ አይተሃል፣ ሸንጎውን አይተሃል፣ የሽግግሩን አይተሃል፣ ይሄንንም እያየህ ነው። እንዴት በየጊዜው እንደ አዲስ ታምናለህ? ስድብ አይደለም አባዬ። ይገርመኛል። አንዳንዴ ያስቀናኛል።

ቅዳሜ ዕለት ግን "በ2012 ምርጫ ይደረጋል፤ እውነተኛ ፓርላማ ይኖረናል፤ ልጆችሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?" አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ወጡ አረረ። ምክንያቱም ይሄን ቃል አውቀዋለሁ። በ1997 ዓ.ም. ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ።

ግንቦት 7 ቀን ገና ሳይነጋ ነበር የወጣነው። ግራጫውን ኮትህን ለብሰህ፣ ለእኔ ጋቢ ደርበህልኝ። ሰልፉ የትየለሌ ነበር። ዳቦ ቆርሰህ ከፊትም ከኋላም ለቆሙት አደልክ። እዚህ አገር ሰልፍ ሰልችቷቸው ሰዎች ጥለው ሲሄዱ እኔ ንቅንቅ የማልለው ከዚያ ቀን የተነሳ ነው። ለዚያ አመሰግንሃለሁ።

ሐምሌ ላይ ግን የኤምባሲ ቀጠሮ ነበረኝ። ዲቪ ደርሶኝ። የአዲስ አበባ 23 ወንበር በሙሉ ለቅንጅት ሆኖ አገሩ ሰክሮ ነበር። "መስከረም ፓርላማው ይከፈት፤ ከዚያ መሄድ ካማረሽ ሂጂ" አልከኝ። ከመስከረም 20 በኋላ ዲቪው ዋጋ እንደሌለው ነግሬሃለሁ። ሦስቴ ነግሬሃለሁ። ለማንኛውም ገንዘቡም አልነበረንም። ጋሽዬ አበድራለሁ ብሎ ነበር፤ በኋላ "አልቻልኩም" አለኝ። ሰባት ዓመት ጋሽዬን አኮረፍኩት። ልጁን ሲድር እንኳን ደስ ያለህ አላልኩትም።

እማዬ ከማረፏ በፊት በስልክ ነገረችኝ። ጋሽዬ ብሩን ቆጥሮ በፖስታ አድርጎ ይዞ መጥቶ ነበር። በር ላይ "አትስጣት" ብለህ የመለስከው አንተ ነህ።

ይሄን እንደማውቅ አታውቅም ነበር። አሁን አወቅክ። ስድስት ዓመት ይሄን አረፍተ ነገር በስልክ ልናገር እየሞከርኩ ነው፤ አንተ ሁልጊዜ "ሴኔቱስ?" ትለኛለህ።

መስከረም 20 አለፈ። የመስከረም የመጨረሻው ሰኞ ፓርላማው ተከፈተ። ከመረጥካቸው ብዙዎቹ አልገቡም። ጥቅምት ላይ ማሙሽ ተወሰደ። በዓመቱ እኔ ወደ ቤይሩት ሄድኩ። የቤይሩቱን አልጽፈውም። በክፋት እንዳላደረግከው አውቃለሁ። ልጅህ አጠገብህ ሆና አገር ሲለወጥ እንድታይ ፈልገህ ነው። ግን ሳትነግረኝ ነው ያደረግከው። በእኔ ዕድሜ ነው የተወራረድከው።

ስለዚህ ለመመለስ "እሺ" ወይም "እንቢ" ከእኔ አትጠብቅ። ትልቁ የጀመረውን ትምህርት ይጨርስ። የልጆቹ አባት ጉዳይ በፍርድ ቤት ይለቅ። የኔን ነገር ሐኪም ይየው። የ2012ቱ ምርጫ መጥቶ ቢያልፍ እንኳን እነዚህ አያልፉም።

አሁን ተራው ያንተ ነው።

እታለም ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ ነው ትለኛለች፤ ማሙሽ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር ይለኛል። ሞቆ የዋለውን አትጠቀም። ትንሽ ማሰሮ ፈልጉ፤ በትልቅ የሸክላ ገንቦ ውስጥ አስቀምጡት፤ በሁለቱ መሀል አሸዋ ሙሉና ጠዋት ማታ ውኃ አርከፍክፉበት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጥ አድርጉት። ፍሪጅ አያክልም፤ ከጠረጴዛ ላይ ግን ይሻላል። ሕዳር ሲታጠን ደግሞ ጭሱ ውስጥ ቆመህ ቆሻሻ ስታቃጥል ነበር አሉ። በነጠላ ጫማ! እሳት ላይ! የማይሰማህ እግር ሲቃጠልም አይሰማህም፤ ይሄን ሐኪሙ አልነገረህም?

ለሕክምናው ገንዘብ ልኬያለሁ። ላንተ አይደለም። ለጋሽዬ ነው የላኩት። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይወስድሃል። በር ላይ እንዳትመልሰው። ዘንድሮ ብትመልሰውም አይመለስም፤ ተነጋግረናል። "ከገና በኋላ" የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው የላካችሁት ፎቶ ላይ ካልሲ አድርገሃል። በዚያ ፀሐይ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ፣ ወፍራም ካልሲ። ልጅህ መሆኔን አትርሳ።

እታለም እንደገና ፎቶ ታንሳህ። ካልሲውን አውልቀህ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ሁለቱንም እግር። ከላይም ከሥርም፣ በጣቶቹ መሀልም። ቅዳሜ ከመደወሌ በፊት ይድረሰኝ።

ልጅህ