እማዬ፣ ለኅዳር ኪዳነ ምሕረት እንጠብቅሻለን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው ስደውልልሽ «ሕፃናቱን ውሃ ላይ ይዘሽ ወጣሽ?» ብለሽ ስልኩን ልትዘጊብኝ ምንም አልቀረሽም። አንቺን ደግሞ በስልክ አስረድቶ የጨረሰ ሰው የለም። ስለዚህ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። የምጠይቅሽ ነገርም አለኝ።

እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የገቡት ዓርብ ማታ ነው። የባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር። ወንድሜም ከነእጮኛው ተጨመረ። ቤቱ ሞላ። ልጆቹ ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላቸው እስከ እኩለ ሌሊት ሲንጫጩ አመሹ። የእንግዶቹ ሐሳብ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ በልተው፣ ፎቶ ተነስተው መመለስ ነበር። እኔ ግን እግር ያለው ሰው ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ወንበር ላይ ከዋለ ምኑን መጣ አልኩ። ባለቤቴ «አንቺ እናትሽን ነው የወጣሽው» አለኝ። ስድብ ነው ብሎ እኮ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ጢስ ዓባይ ወረድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንቺና አባዬ በተጋባችሁ ሰሞን ያያችሁት ፏፏቴ በጋ ከክረምት የሚያገሣ ነበር። ያኔ የነበረችው የ1956ቷ ትንሽ የኃይል ማመንጫ የምትወስደው ጥቂት ነው። በ1993 ሁለተኛው ሲጨመር ግን ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ ዞረ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ከራሱ ይቀዳል። ሰው በየካቲት ይመጣና «ደረቀ እንዴ?» ብሎ ያዝናል። መብራት ሲጠፋም የሚጮኸው ያው ሰው ነው። አሁን በጥቅምት ግን ሐይቁ ከክረምቱ ገና ስላልጎደለ ውሃው ደህና አድርጎ ይወርዳል። ጢሱ ማዶ ድረስ መጥቶ አረጠበን።

በእግር የጀመርነው ከአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው ይባላል፤ ዛሬም ሰውና አህያ ይሻገርበታል። አስጎብኚው ኖራውን ያቦኩት በእንቁላል ነው ሲለን አንቺ ትዝ አልሽኝ። «ያን ሁሉ እንቁላል ማን ፈቀደላቸው!» ትይ ነበር። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ጭቃው ገና አልደረቀም። የእንግዳችን ሚስት ነጭ ስኒከር አድርጋ መጥታ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ቡና ዓይነት ሆነ። ሁለቴ ተንሸራተተች፣ ሁለቴም ከሁላችን በላይ የሳቀችው እሷው ናት። ተንጠልጣዩ ድልድይ ላይ ልጆቹ ሲሮጡ ባሏ ግን ገመዱን ጨብጦ ቀረ። ወንድሜ ተመልሶ እጁን ይዞ አሻገረው። ይሄን እንዳትነግሪብኝ፣ ሰውየው ትልቅ ኃላፊ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብስክሌት ተከራይተን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመላለስን። በ2016 ግንቦት የተመረቀው ነው። 380 ሜትር ርዝመት አለው፣ ለእግረኛና ለብስክሌትም የራሱ መንገድ ስላለው ልጆቹን ከመኪና ጋር አላጋፋኋቸውም።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣልሽ።

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ነው የወጣነው፣ እሱን አትጠይቂኝ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ንፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሐይቁ መሃል ላለመገኘት ቀድመን ሄደን ቀድመን ተመለስን። የመጀመሪያው ባለጀልባ ለሕፃናት የሚሆን ላይፍ ጃኬት አልነበረውም። «የትልቁን ጠበቅ አድርገን እናስርላቸዋለን» አለኝ። አመስግኜው ወደ ሌላው ሄድኩ። እንግዶቹ ያፈሩብኝ ይመስለኛል፤ ይፈሩ። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ብልሽ «ለሚሰምጥ ሰው ሁለትም ይበቃል» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የማወራሽ ስለ ጃኬቱ ነው። የሁሉም ልክ ነበር፣ እስክንወርድ ድረስም ማንም አላወለቀም። ውሃ ውስጥም አልገቡም። ቢልሃርዝያ ስላለበት ልጆቼን አላስዋኝም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ፣ ባለጀልባው ራቅ አድርጎ ነው ያዞረው።

መንገድ ላይ ደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ቆልሎ ወደ ከተማ የሚቀዝፍ ሰው አገኘን። ማዕበላችን እንዳይገለብጠው ባለጀልባው ሞተሩን አቀዘቀዘው። ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙለት። ሰውየው ግን ሥራ ላይ ነበር፤ በአገጩ ብቻ ሰላምታ ሰጥቶን አለፈ። ደሴቱ ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማይገባበት አልቆምንም። ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁላችንም ክፍት ናት።

እማዬ፣ ዘጌን ብታይው! ከጀልባው ወርደሽ ጥቂት እንደተራመድሽ ጫካው ይውጥሻል። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ በመሃል ጌሾ። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ የአገሩ ሰዎች። በሬ ጠምዶ ማረስም በእሳቸው ቃል የተከለከለ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ዙሪያው ሁሉ ለእርሻ ሲመነጠር ዘጌ ጫካ ሆኖ የቀረው በዘበኛ አይደለም፣ በቃል ነው። መንገዱ ድንጋይ ይበዛዋል፣ ዳገትም አለው። በልጆች እርምጃ ሃያ ደቂቃ ገደማ ወሰደብን። ዳር ላይ ትናንሽ ልጆች ከደንገል የሠሯትን ታንኳ ይሸጣሉ። ሚጣ አንድ ገዝታ አሁን መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ስታንሳፍፍ ትውላለች።

ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ካህኑ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ያስረዱናል። የእንግዶቹ ልጅ ሰው የሚበላውን ሰውዬ አይቶ ደነገጠና «ይሄ ምንድነው?» አለ። ካህኑ አፋቸውን ሳይከፍቱ የእኔው ማሙሽ ቀደማቸው። «በላኤ ሰብ ነው! 78 ሰው በልቷል። ግን ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሲመዘን ጥርኟ ውሃ በለጠች» ብሎ ወረደበት። እኔ አላስተማርኩትም። ባለፈው ክረምት አንቺ ጋ ሲከርም ነው የሰማው። የአንቺን አነጋገር ሳይቀር ነው የያዘው፤ «በለጠችኣ!» ሲል ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ካህኑ «ማነው የነገረህ?» አሉት። «አያቴ፣ ዳንግላ ናት» አለ። «እንግዲያው ይዘሃት ና፣ እሷም ሥዕሉን ትየው» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የለኝም። ማታ ማታ «እማማ መቼ ነው የምትመጣው?» ነው። ካህኑን የዋሸ መስሎት ተጨንቋል።

ስለዚህ ነይልን። ለየካቲቱ ንግሥ ካልሆነ አልሄድም እንዳትይ። በንግሡ ዕለት ጀልባው ሰው በሰው ነው፣ በጉልበትሽ ግፊያ አትችይም። ኅዳር 16 ይሻልሻል። ያው ኪዳነ ምሕረት ናት፣ ቡናውም ያኔ መቅላት ይጀምራል። ጽጌም ያልቃል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ዓሣ አላስበላሽም፣ አትስጊ። ሽሮዬን ታውቂዋለሽ።

ጢስ ዓባይ አልወስድሽም፣ ያ ጭቃ ለአንቺ አይሆንም። የዘጌን ዳገት ግን ከዘራሽን ይዘሽ እያረፍሽ ትወጪዋለሽ። ወንድሜ ከኋላሽ ይሆናል። ቸኩለን የምንሄድበት ነገር የለም። ካልሆነልሽም ከታች ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ ትጠብቂናለሽ፣ ቡና የሚያፈሉ ሴቶች አሉ። ውሃውን ከፈራሽ ደግሞ በመኪናም ይኬዳል። መንገዱ ያንገጫግጫል እንጂ ያደርሳል። እኔን ብትሰሚኝ ግን በጀልባው ነው የሚሻልሽ፤ ወገብሽ ያመሰግነኛል። ጃኬቱን እኔ ራሴ አስርልሻለሁ።

ዶሮዎቹን ጎረቤታችን ትይዝልሻለች፣ ደውዬ ጠይቄያታለሁ። እንቁላሉን ለራሷ እንድታደርግ ስለነገርኳት ደስ ብሏታል። ትንሽ በሶ ብቻ ቋጥሪልን፣ የእዚህ ገበያ በሶ አይጥመኝም። መናኸሪያ ድረስ መጥተን እንቀበልሻለን። የዘጌ ቡና ገዝቼልሽ ነበር፤ በሚኒባሱ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፣ ሳይቆላ ነው።

የምትመጪበትን ቀን ለእኔ ሳይሆን ለማሙሽ ደውለሽ ንገሪው። ለእኔ ከነገርሽኝ ትሰርዢዋለሽ።

ልጅሽ
ከባሕር ዳር